ነጻ ሜሞሪ እያለ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን አልነሳም አለ፤ የሀብት ምደባውን እንዴት ላስተካክል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በኦፕንስታክ (የክላውድ መገንቢያ ሶፍትዌር) የተዘረጋ አነስተኛ ፕራይቬት ክላውድ አስተዳድራለሁ። አራት ሰርቨሮች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ባለ 16 ኮር ሁለት ሲፒዩ፣ ማለትም 64 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች)፣ እንዲሁም 256 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። የሜሞሪውን የምደባ ምጣኔ (ካለው ሀብት ስንት እጥፍ ለማሽኖች እንደሚታደል የሚወስነውን ቁጥር) 1 አድርጌዋለሁ፤ የሲፒዩው ግን ሲጫን እንደነበረው 16 ነው። አሁን 64 ጊጋባይት የሚፈልግ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ለማስነሳት ስሞክር፣ በአራቱ ሰርቨሮች ላይ በድምሩ 120 ጊጋባይት ያህል ነጻ ሆኖ ሳለ፣ ተስማሚ ሆስት (አስተናጋጅ ሰርቨር) አልተገኘም የሚል መልዕክት ይመጣል። 40 ቪሲፒዩ (ለቨርቹዋል ማሽን የሚታደል ምናባዊ ሲፒዩ) እና 96 ጊጋባይት የተመደበለት የዳታቤዝ ማሽናችን ደግሞ፣ የሰርቨሩ አማካይ የሲፒዩ አጠቃቀም ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ይንቀራፈፋል። የሜሞሪውን ምጣኔ ወደ 1.5 ከፍ ላድርገው? ለዳታቤዙስ ቪሲፒዩ ልጨምርለት?

መልስ 1

አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ማረፍ ስላለበት፣ የአራቱ ድምር ለስኬጁለሩ (ማሽኑ የሚያርፍበትን ሰርቨር ለሚመርጠው ክፍል) ምንም ትርጉም የለውም። 120 ጊጋባይቱ ለአራት ከተከፋፈለ በእያንዳንዱ ላይ የሚቀረው 30 ያህል ብቻ ነው። ይህ የሆነውም ኖቫ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው የኦፕንስታክ ክፍል) በነባሪ ቅንብሩ ብዙ ነጻ ሜሞሪ ያለውን ሰርቨር እያስቀደመ ማሽኖቹን ስለሚበትን ነው። ከአንዱ ሰርቨር ላይ 40 ጊጋባይት የሚይዙ ትናንሽ ማሽኖችን በላይቭ ማይግሬሽን (ሥራቸውን ሳያቋርጡ) ወደ ሌሎቹ ቢያዛውሩ ቦታው ይገኛል። ሜሞሪያቸውን በብዛት የሚጽፉ ማሽኖችን ግን አይምረጡ፤ የተቀዳው የሜሞሪ ገጽ ወዲያው ስለሚለወጥ ዝውውሩ ይጓተታል።

ምጣኔውን ወደ 1.5 እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። ሲፒዩ ሲጣበብ ማሽኖቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ ሜሞሪ ሲያልቅ ግን ሰርቨሩ ወደ ስዋፕ (ዲስክን በሜሞሪ ምትክ ወደ መጠቀም) ይገባል፣ ከዚያም ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አንዱን ቨርቹዋል ማሽን በድንገት ሊገድለው ይችላል። የኖቫ አዘጋጆችም ክላውዱ ቀላል የድረ ገጽ ሥራ በሚያስተናግድበት ዘመን የመረጧቸውን 16 (ለሲፒዩ) እና 1.5 (ለሜሞሪ) የተባሉ መነሻ ምጣኔዎች በ2023.1 እትም ወደ 4 እና 1 ዝቅ አድርገዋቸዋል።

መልስ 2

ስለ ዳታቤዙ ልጨምር። በማሽኑ ውስጥ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ ከፍተው ኤስቲ (st) የተባለውን ቁጥር ይመልከቱ። ማሽኑ ሥራ እያለው ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው የሰርቨሩ ሶፍትዌር) ሲፒዩ ሳይሰጠው ያስጠበቀበትን ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው። የረጅም ደቂቃዎች አማካይ የአጭር ጊዜ መጨናነቅን ስለሚደብቅ፣ ግማሽ የሚለው ቁጥር ሊያሳምንዎ አይገባም።

ቪሲፒዩ መጨመር ነገሩን የሚያባብሰው ይመስለኛል። የዳታቤዙን ቁልፍ (ሎክ፣ አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካው የሚያደርገውን) የያዘው ቪሲፒዩ ከተራው ወጥቶ ሲጠብቅ፣ ያን ቁልፍ የሚፈልጉት ሁሉ አብረውት ይቆማሉ፤ ቪሲፒዩው በበዛ ቁጥር ይህ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ አንዱ ሲፒዩ 32 ትሬድ ብቻ ስላለው 40 ቪሲፒዩ በሁለቱም ላይ ይዘረጋል፣ ማሽኑም ከሌላኛው ሲፒዩ ጋር የተያያዘውን ሩቅ ሜሞሪ ለመጠቀም ይገደዳል። ወደ 16 ቪሲፒዩ ዝቅ አድርገው በአንድ ኑማ ኖድ (አንድ ሲፒዩ ከቅርብ ሜሞሪው ጋር) ውስጥ እንዲያርፍ በፍሌቨሩ (የማሽኑን መጠን በሚወስነው ቅንብር) ላይ ይወስኑት። ይህን ሲያደርጉ ሰርቨሩን በሆስት አግሪጌት (ሰርቨሮችን በምድብ በሚለየው የኖቫ ቅንብር) ይለዩት፤ የኑማ ገደብ ያላቸውንና የሌላቸውን ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ መቀላቀል ምደባውን ያዛባል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኤስቲ በተጨናነቀው ሰዓት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ አገኘሁት። ወደ 16 ቪሲፒዩ ካወረድኩት በኋላ መጠይቆቹ በግልጽ ፈጥነዋል፤ የኑማውን ቅንብር ገና አልነካሁትም። አዲሱም ማሽን ከዝውውሩ በኋላ ተነሥቷል።

መልስ 3

እኔን የሚያሳስበኝ ያ 64 ጊጋባይት መጨመሩ ነው። ቀድሞ የተመደበው 904 ጊጋባይት ነበር፤ አሁን 968 ሆኗል። አንድ ሰርቨር ቢወድቅ የሚቀርዎት 768 ብቻ ስለሆነ፣ ከወደቀው ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ማሽኖች የሚነሡበት ቦታ አያገኙም። በየሰርቨሩ ለሃይፐርቫይዘሩ 16 ጊጋባይት ቢያስቀሩ፣ ጣሪያዎ 720 መሆን አለበት። ስለዚህ አዲስ ሰርቨር እስኪጨመር ድረስ፣ ያለ ሥራ የተቀመጡ ማሽኖችን ከየክፍሉ ጋር ተነጋግረው ያጥፉ፤ የፕሮጀክቶቹ ኮታ ድምርም ከዚያ ጣሪያ እንዳያልፍ አድርገው ይከፋፍሉት። የኮታውን ድምር ኖቫ ራሱ ከሃርድዌሩ ጋር አያመዛዝንም፤ ሒሳቡን መያዝ የእርስዎ ድርሻ ነው።