ለሱባ ጫካ የቀን ጉዞ የትኛው የጀርባ ቦርሳ ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ፤ መናገሻ ሱባ ጫካ ደርሶ መልስ ለመጓዝ የጀርባ ቦርሳ መምረጥ ከብዶኛል። የምይዘው 2 ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ምሳና ቆሎ ነው፤ ሲደመር 5 ኪሎ ገደማ።

አንዱ አዲስ ባለ 20 ሊትር ነው። ዋጋው ደህና ነው፤ ግን የማንገቻው ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት ጭፍልቅ ይላል፣ የወገብ ቀበቶም የለውም። ክብደቱ በሙሉ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ነው።

ሌላው ሳልባጅ ባለ 28 ሊትር ነው። ጀርባው መረብ ስለሆነ አየር ያስገባል፣ ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ በትክክል ይቀመጣል፣ ስፌቱም ጠንካራ ነው። ችግሩ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው የውስጥ ሽፋኑ አርጅቶ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ እየተላጠም ይረግፋል።

እኔ ወደ ሳልባጁ አደላለሁ፤ ዝናቡን ወፍራም ፌስታል ውስጡ አስገብቶ አፉን በመጠቅለል መመከት ይቻላል። የሚጣበቀውን ሽፋን ግን በምን ላስለቅቀው? ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል ወይስ አልኮል ያስፈልጋል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ክረምት ሳይገባ መግዛት እፈልጋለሁ።