ሳሎኔን ብርቱካናማ ልቀባው ነው፣ ይከብድ ይሆን?

ጦሳ ሥር፦ ሰላም የደሴ ልጆች። በፈረንጆቹ የ1970ዎቹ ስታይል ፍቅር ይዞኛል። አንዱን ግድግዳ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ሶፋውን የሰናፍጭ ቢጫ ላደርግ ነው። የአያቴ ቡፌ አለ፣ ያ እግሮቹ ቀጠን ብለው ወደ ውጭ የተከፈቱት ዓይነት። እናቴ ግን «ቡና ቤት ልታስመስይው ነው» ብላ አኩርፋለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ በጉሙ ቀኑን ሙሉ ድንግዝግዝ ይላል። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ ሆዴ፣ ቀቢው! በኛ ጉም ነጭ ግድግዳ አመድ ነው የሚመስለው። ኮርኒሱን ብቻ ነጭ ተዪው። ቡፌውን ከነካሽው ግን ወላሂ እንጣላለን።

ቀቢው፦ ሥራዬ ስለሆነ ነው የምናገረው። ግድግዳሽ እርጥበት ካለው ዘይት ቀለም እንዳትሞክሪ፣ ያብጥና ይላጣል፤ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም። ካርቶን ቀብተሽ ግድግዳው ላይ አስደግፊና ጠዋት እዪው፣ ማታም አምፖል አብርተሽ እዪው። ነጭ አምፖል ብርቱካናማን ይገድለዋል፣ ቢጫ ብርሃን የሚሰጠውን ግዢ።

ኮምቦልቻ፦ ድፍረት ካማረሽ የሜምፊስን ሥራዎች ፈልጊ፣ ኤቶሬ ሶትሳስ የሚባል ጣሊያናዊ ዲዛይነር በፈረንጆቹ 1980 ሚላን ላይ የመሠረተው የዲዛይነሮች ቡድን ነው። ዘመኑ ካንቺ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምናውቀውን ፎርማይካ ውድ ዕቃ ላይ ለጥፈው ዓለምን አነጋገሩ። እኔማ ወድጄላቸዋለሁ!

ጦሳ ሥር፦ አመሰግናለሁ፣ ካርቶኑን ነገ እቀባለሁ። ቡፌው ላይ ያለው የእናቴ ዳንቴልስ ይነሳ?

የፒያሳ ልጅ፦ ኧረ ይቆይ! እሷን ማስታረቂያሽ እሱ ነው።