ለመጀመሪያ ጊዜ ራፍቲንግ ልወጣ ነው፤ ከጀልባው ብወድቅ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር በአየር በሚነፋ ጀልባ ፈጣን ወንዝ ልንወርድ ነው፤ ስድስት ቀዛፊና አንድ መሪ። ወንዙ ደረጃ 2 ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ደረጃ 3 አለው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው ተብለናል። ዋና እችላለሁ፣ የለመድኩት ግን ገንዳ ነው። ምን ልልበስ? ብወድቅስ?

ቀዛፊ፦
የወንዝ አስቸጋሪነት ደረጃው ከ1 (ቀላሉ) እስከ 6 ነው። 2 ላይ መንገዱ ክፍት፣ ማዕበሉ ቀላል ነው። 3 ላይ ማዕበሉ የተዘበራረቀ ስለሆነ በድንጋዮች መሀል ፈጥኖ መታጠፍ ይጠይቃል። ልምድ ያለው መሪ ካለ ለጀማሪ ይሆናል። ደረጃው ግን ከውሃው መጠን ጋር ይለዋወጣል፤ ከባድ ዝናብ ከጣለ መሪውን የዕለቱን የውሃ ከፍታ ሳትጠይቂ አትግቢ።

ጥጥ ልብስ ጭራሽ አይሁን፤ ውሃ ይዞ ስለሚቀር ያቀዘቅዝሻል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ልበሺ፤ ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ዌትሱት (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ሙቀት የሚጠብቅ የጎማ ልብስ) ጠይቂ። ጫማሽ ከእግር የማይወልቅ ይሁን። ቀለበት አውልቂ፣ መነጽር በማሰሪያ እሰሪ።

ላይፍ ጃኬቱን ሁሉንም ዘለበት ቆልፈሽ አጥብቂና ጓደኛሽ ትከሻው ላይ ይዛ ሽቅብ ትሳበው። ወደ ጆሮሽ ከወጣ ልቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ ፊትሽን ይሸፍነዋል።

ወራጅ፦
መውደቅን አትፍሪው፤ ደረጃ 3 ላይ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ከወደቁ በኋላ ለመቆም መሞከር ነው። እግር ከወንዙ ሥር በሁለት ድንጋዮች መሀል ይሰነቀራል፣ ወራጁ ውሃ ከኋላ ገፍቶ ሰውነትን ወደፊት ይደፋዋል፣ ፊት ውሃ ውስጥ ይቀራል። ይህ የሚደርሰው ወገብ በማይሞላ ውሃም ጭምር ነው። ስለዚህ ውሃው ከጉልበትሽ በታች እስኪሆን፣ መቀመጫሽም መሬት እስኪነካ አትቁሚ።

ቅዝቃዜው መጀመሪያ ትንፋሽሽን ያቋርጠዋል፤ አፍሽን ዝጊ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይረጋጋል። ጀልባው አጠገብሽ ከሆነ ዙሪያውን የታሰረውን ገመድ ያዢ፤ በጀልባውና ከፊቱ ባለው ድንጋይ መሀል ግን በፍጹም አትሁኚ። ከራቀሽ በጀርባሽ ተኚ፤ እግሮችሽ ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ጣቶችሽ ከውሃው በላይ፣ ጉልበትሽ እጥፍ ብሎ። ማዕበሉ ሲያነሳሽ ትንፋሽ ያዢ፣ ዝቅ ስትዪ ተንፍሺ።

በጀርባ መተኛት የማያዋጣበት ዋናው ነገር ወንዝ ውስጥ የወደቀ ዛፍ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሀል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። ካየሽው በሆድሽ ተገልብጠሽ ወደ ጎን በኃይል ዋኚ። ማምለጥ ካልቻልሽ በእግርሽ ሳይሆን በጭንቅላትሽ አቅጣጫ ደርሰሽ ግንዱ ላይ ተንጠልጥለሽ ውጪ።

ባለገመድ፦
በከረጢት የተጠቀለለ የማዳኛ ገመድ ከተወረወረልሽ ገመዱን ያዢ እንጂ ከረጢቱን አይደለም፤ ቀሪው ገመድ ከውስጡ እየተፈታ ይሄዳልና። እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው። ትከሻሽ ላይ አሳልፈሽ ደረትሽ ላይ ይዘሽ በጀርባሽ ቆይ፤ ወራጁ ውሃ ራሱ ወደ ዳር ያወዛውዝሻል። ጓደኛ ወደ ጀልባ ስታወጪ ደግሞ የላይፍ ጃኬቷን ትከሻ ያዢ፣ ክንዷን አትጎትቺ።

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እንዳልወድቅ እግሬን ማሰር ይቻላል?

ቀዛፊ፦
በጭራሽ! ጀልባው ቢገለበጥ ከሥሩ ታስረሽ ትቀሪያለሽ። ጫፉ ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን ከጎን ወደ ጎን በተዘረጋው ወፍራም ቱቦ ሥር ሸጎጥ አድርጊ፤ ስትፈልጊ በቀላሉ መውጣት አለበት። መቅዘፍሽን አታቋርጪ፤ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ ራሱ መደገፊያ ነው። በማዕበል መሀል መቅዘፍ ትቶ ጀልባውን ለመጨበጥ የሚሞክር ሰው ነው ቶሎ የሚወድቀው። የላይኛው እጅሽ ሁልጊዜ የመቅዘፊያውን ጫፍ እጀታ ይሸፍን፤ የጎረቤትን ጥርስ የሚሰብረው እሱ ነው።

ወራጅ፦
ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ መሪው «ወደ ድንጋዩ!» ብሎ ይጮኻል። ሁላችሁም ወደ ድንጋዩ በኩል ዝለሉ። ሰው በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፤ ክብደቱ ውሃው በሚጫነው ጎን ላይ ያርፍና ጀልባው ይገለበጣል። ከተገለበጠና ራስሽን ከሥሩ ካገኘሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ አየር አለ፤ በሁለት እጅሽ እየገፋሽ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዘሽ ውጪ፣ አትዙሪ።