የማኅበር ተራዬ ደርሶ ኪሴ ባዶ ነው፤ ምን ብዬ ልናገር?

የአባዶዋ እናት

ሰላም ናችሁ ወገኖች? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን። ጥር 21 ተረኛዋ እኔ ነኝ።

ኅዳርና ታኅሣሥ የደረሳቸው ተገላግለዋል። 21 በሁለቱም ወር ጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይበቃል። ጥር ግን ፍስክ ነው፤ ያውም አስተርእዮ ማርያም። ማኅበራችን ሲጀመር በዳቦና በጠላ ነበር። ከዚያ አንዷ ዶሮ ጨመረች። ሌላው ክትፎ አቀረበ። አምና አንዱ በግ አርዶ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ከዚያ ወዲህ ወደኋላ የለም። ድስቱ ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ጽዋውን ያነሳ ሰው ግን አላየሁም።

እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ የሚሠራባት መኪናም ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ጋራዥ ቆማለች። እናም ለግሩፑ መልእክት አዘጋጀሁ፦ «ወደ አባቶቻችን ሥርዓት እንመለስ፤ ማኅበር የነፍስ ጉባኤ እንጂ የሆድ አይደለም...» ሲያምር! ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል «ኪስሽ ሞልቶ ቢሆን ይሄን ትጽፊው ነበር?» አለኝ።

አሁን መላክ አቃተኝ። ሐሳቡን አምንበታለሁ። ግን ማጣቴን በመንፈሳዊነት ሸፍኜ ልወጣ ነው፤ ጭራሽ ተመስግኜ! እውነቱን ልናገር ብልስ? እዚያ ቤት «እንዴት ከረማችሁ?» ሲባል ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ዳቦ መቁረስ ነው። ችግሩን የሚናገር የለም። ተራዬን ላሳልፍ? ልበደር? ምን ትላላችሁ?

ጠላ ወዳዱ ከሰበታ

እህቴ፣ ብድሩን እርሺው። የኛ ማኅበር ላይ ሁለት ሰዎች ድንገት ጠፉብን። ምን አስቀይመናቸው ይሆን ስንል ለካ ተራቸው ደርሶ ነው። ያኔ ዳቦ፣ ጠላና አንድ ዓይነት ወጥ ብለን ቆረጥን። አለኝ የሚል ትርፉን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉት ነዳያን ይስጥ። ሙሴያችሁን፣ የማኅበሩን መሪ ማለቴ ነው፣ ለብቻው ቀድመሽ አናግሪው። ጥንስሱን ግን ከአሁኑ ጀምሪ። ያልደረሰ ጠላ ማቅረብ ከማጣት በላይ ያሳፍራል።

ቀጥተኛው

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ግን አልስማማም። ጥሩ ሐሳብ ከባዶ ኪስ ቢመጣ ምን አለበት? ያ በግ ያረደው ሰውዬ ይህንኑ ቢጽፍ «እንዴት ያለ ትሑት ነው!» ተብሎ ይጨበጨብለት ነበር። ላኪው።

ጋሼ ከለገጣፎ

ልጄ፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎችን የገሠጸው በዚሁ ነው። አንዱ ይራባል ሌላው ይሰክራል፤ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ ይላቸዋል። 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11ን ከቁጥር 20 ጀምረሽ እይው።

ቀጥተኛው ልክ ነው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ስትልኪው ምክንያቱን አብረሽ ካልላክሽ ባልሽ የጠየቀሽ ጥያቄ አብሮሽ ይከርማል። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ ችግርን መናገርም ራሱ መታያ ይሆናል። በኛ ማኅበር በተነሳ ቁጥር «እኔ ኃጢአተኛው» እያለ የሚያለቅስ ወንድም አለ። ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ኖረ። አንድ ቀን አንዲት እናት «እውነትክን ነው ልጄ፣ የማኅበሩንም ብር አልመለስክም» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም! ስለዚህ የኪስሽን ለሙሴው፣ የልብሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ለሁሉም መተንተን አይጠበቅብሽም።

የአባዶዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አሳቁኝ። ያንን ረጅሙን ሰረዝኩት። ለሙሴያችን ደውዬ «ሥራ የለኝም፤ ዳቦና ጠላ፣ ሲጨመር ደግሞ ንፍሮ ነው የምችለው» አልኩት። «በቂ ነው» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ግሩፑ ላይም «በዚህ ወር አቅሜ ዳቦና ጠላ ነው፤ ኑልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። አንዷ ማኅበርተኛ በውስጥ መስመር «አይዞሽ፣ እኔ ዶሮ ወጡን ሠርቼ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ለማንም አልናገርም» ብላ ጽፋልኛለች። ደግ ሴት ናት። ግን ድስቱ ደረጃ ላይ ሲወጣ ማን እንደሠራው ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። እኔም ዶሮውን እንዳልፈለግሁት እርግጠኛ አይደለሁም፤ ልጆቼ ከገና ወዲህ አልቀመሱም። እሺ ልበላት ወይስ ምን ብዬ ልመልስላት?