አስቸኳይ! ዛሬ ማታ የሚዘጋ የፒኤችዲ ማመልከቻ ቴሲሴን አልቀበልም አለኝ

የሌሊት ወፍ፦
ሰላም፣ የነቃ ሰው ካለ እባካችሁ። ለእንግሊዝኛ ፒኤችዲ እያመለከትኩ ነው፣ ዛሬ እኩለ ሌሊት ይዘጋል። ሁሉንም ሞልቻለሁ። ራይቲንግ ሳምፕል (የጽሑፍ ናሙና) የሚለው ቦታ ላይ ቴሲሴን፣ የመመረቂያ ጽሑፌን፣ ስጭን ቀይ ጽሑፍ ያመጣና ይመልስብኛል። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ ብሮውዘርም ቀየርኩ፣ ያው ነው። ደግሞ ከሦስቱ ሪኮመንዴሽን የአንዱ መምህር ገና አልገባም፣ ስልክ አያነሱም። ምን ላድርግ?

ፈጣን፦
ኮምፕረስ አድርጊው። አለቀ።

ባለ መነጽር፦
ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል? አሜሪካ ነው እንግሊዝ? ስንት ገጽ ጠየቁሽ፣ ስንት ገጽ ጫንሽ? እኩለ ሌሊቱስ የማን እኩለ ሌሊት ነው? ይሄን ሳትነግሪን ሁላችንም የምንገምተው ነው።

ጋሼ ቀለም፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የምትገቢበትን ነገር እወቂው። የእንግሊዝኛ ፒኤችዲ ማለት እንግሊዝኛ መማር ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። በአብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ምርምር ነው። አሜሪካ ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ ኮርስ ትወስጃለሽ። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና አለ፤ ረጅም የመጻሕፍት ዝርዝር ይዘሽ ለወራት ታነቢና በጽሑፍ ወይም በቃል፣ አንዳንድ ቦታ በሁለቱም ትጠየቂያለሽ። ከዚያ የዲዘርቴሽን፣ የፒኤችዲው የመመረቂያ ጥናት፣ ዕቅድ ታስጸድቂያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ትከላከያለሽ። አምስት ዓመት ቢሉሽም ስድስት ሰባት የሚፈጅበት ሞልቷል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ኮርስ እምብዛም የለም። ከመጀመሪያው ቀን ምርምር ነው፣ ሦስት አራት ዓመት። ስለዚህ እዚያ ስታመለክቺ የምርምር ፕሮፖዛሉ ነው ዋናው። ለመሆኑ ከጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) የሥነ ጽሑፉን ተፈትነሻል? እሱ ስንቱን ጥሏል።

የሌሊት ወፍ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን የቀረኝ አራት ሰዓት ነው። የምን ፈተና????

ሦስተኛ ዓመት፦
አታስደንግጧት። ያ ፈተና በፈረንጆቹ 2021 ቀርቷል። ጠቅላላውን ጂአርኢም ቢሆን ብዙ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎች ትተውታል፣ ብትልኪላቸውም የማያዩት አሉ።

ጋሼ ቀለም፦
በእኛ ጊዜ ነበረ።

የሌሊት ወፍ፦
እሺ። አሜሪካ ነው። ከ15 እስከ 20 ገጽ ይላል። የኔ ቴሲስ 112 ገጽ ነው፣ ግን ሙሉውን ቢያዩት ይሻላል ብዬ ነው። ቀዩ ጽሑፍ ፋይሉ ትልቅ ነው ይላል፣ ወደ 90 ሜጋባይት ነው።

ፈጣን፦
አልኩሽ እኮ። ኮምፕረስ።

ባለ መነጽር፦
112 ገጽ ጽሑፍ ብቻውን 90 ሜጋባይት አይሆንም። ስካን ነው እንዴ?

የሌሊት ወፍ፦
አዎ፣ የተጠረዘውን ነው ስካን ያደረግኩት። ፊርማና ማኅተም ስላለበት ኦፊሴላዊ ይሆናል ብዬ። የወርድ ፋይሉም አለኝ።

ባለ መነጽር፦
በቃ ተገኘ። እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ነው፣ ለዚያ ነው የከበደው። ማኅተም የሚፈልግ የለም። ከወርድ በቀጥታ ፒዲኤፍ አድርገሽ አውጪው።

ለምን፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ለምን ፒኤችዲ? በሥነ ጽሑፍ ቋሚ የመምህርነት ቦታ ከተመራቂው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ስድስት ዓመት አንብበሽ ስትወጪ በሴሚስተር ኮንትራት ታስተምሪያለሽ። ያንን ዕድሜ ሌላ ነገር ላይ ብታውይው አይሻልም?

የሌሊት ወፍ፦
ወንድሜ ነገ ጠዋት እንከራከር በፈጠረህ።

ሦስተኛ ዓመት፦
የ"ለምን" ነገር እውነት አለበት፣ ግን ሰዓቱ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከገባሽ በኋላ ፈንድ ከሌለው ከራስሽ ኪስ ከፍለሽ አትሂጂ። ደህና የሚባሉት ፕሮግራሞች የትምህርቱን ክፍያ ትተው አበል ይሰጣሉ፣ አንቺ በምትኩ ታስተምሪያለሽ።

አሁን ወደ ፋይሉ። ፒዲኤፉ ቢቀልም 112 ገጹን አትጫኚ። ቴሲስሽን ማንም አልጠየቀሽም። ኮሚቴው በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ 20 ገጽ ሲል ትእዛዝ ማክበርሽንም እያየ ነው። አንድ ምዕራፍ ምረጪ። መግቢያውን አይደለም፣ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳውንም አይደለም፣ እሱ ሌላ ሰው ያለውን ነው የሚያሳየው። አንቺ ራስሽ አንድ ጽሑፍ ይዘሽ ሐረግ በሐረግ የፈለፈልሽበትን ውሰጂ። "ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው" የሚሉትን ሁሉ አጥፊ። ከላይ አራት አምስት መስመር ማስታወሻ ጻፊ፣ ይህ ከምን ሥራ እንደተወሰደና የሙሉው ክርክር ምን እንደሆነ። ፎንት 12፣ መስመሩ ደብል ስፔስ። የዋቢ ዝርዝሩ ብዙ ቦታ ከገጹ ቁጥር ውስጥ አይገባም፣ መመሪያቸውን ግን አንብቢ።

ፈጣን፦
ወይም ፎንቱን 8 አድርገሽ 40 ገጹን 20 ማድረግ።

ሦስተኛ ዓመት፦
መነጽሩን ለኮሚቴው አንተ ትገዛለህ?

የሌሊት ወፍ፦
ምዕራፍ 3 አለኝ፣ በደብዳቤ መልክ ስለተጻፉ ልብወለዶች ነው። 27 ገጽ። እየቆረጥኩ ነው፣ እያለቀስኩም ነው። ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ (ምን መመራመር እንደምፈልግና ለምን እንደሆነ የምገልጽበት ጽሑፍ) ላይ ግን ስለ ምዕራፍ 4 ነው የጻፍኩት፣ ችግር አለው?

ሦስተኛ ዓመት፦
አለው፣ ግን በአንድ አንቀጽ ይስተካከላል። ሁለቱ እንዲነጋገሩ አድርጊ። ስለ ደብዳቤ ልብወለዶቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፣ እዚያ ያገኘሽው ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድሽ።

ባለ መነጽር፦
ሪኮመንዴሽኑን በተመለከተ፣ የአንቺ ሰብሚትና የመምህሩ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይጠባበቁም። ደብዳቤው ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣ የሚቀበሉ አሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ፖርታል ሰብሚት ሳትዪ ለመምህሩ ኢሜይል አይልክም። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ገብቶባቸው ይሆናል፣ ጽፈሽ አስታውሻቸው። ሰዓቱንም እዪ፦ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሰዓት ነው። 11:59 ፒኤም ሲል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ነው፣ ንጋት እንዳይመስልሽ። እኔ አንድ ጊዜ ተሸውጄበታለሁ።

የሌሊት ወፍ፦
የእነሱ ሰዓት ነው!!! ተጨማሪ ሰዓታት አሉኝ ማለት ነው። ተመስገን። አንድ ጥያቄ፣ ሌላ ቋንቋ ማንበብ መቻል ግዴታ ነው የሚል አየሁ። አማርኛ ይቆጠራል?

ፈጣን፦
ግዕዝም ጨምሪበት፣ ይደነግጡ።

ሦስተኛ ዓመት፦
ቀልድ ቢመስልም ከምርምርሽ ጋር ከተያያዘ የሚቀበሉ አሉ። ግን ያ ብዙ ቦታ የመመረቂያ መስፈርት ነው፣ የመግቢያ አይደለም። ገብተሽ መዝገበ ቃላት ይዘሽ አንድ ጽሑፍ ትተረጉሚያለሽ፣ ወይም ኮርስ ትወስጃለሽ። ዛሬ አታስቢው።

ጋሼ ቀለም፦
በእኛ ጊዜ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነበር።

የሌሊት ወፍ፦
20 ገጽ ሆነ። ተጭኗል፣ ቀይ ነገር የለም! አሁን ክፍያው ገጽ ላይ ነኝ፣ ካርዱን ግን

ባለ መነጽር፦
ካርዱን ምን?

ሦስተኛ ዓመት፦
እህቴ? ካርዱ እንቢ ካለ ለመግቢያ ክፍሉ አሁኑኑ ኢሜይል ጻፊ፣ የተሞላውን ገጽ ስክሪንሾት አያይዢ። ሰዓቱ ከማለፉ በፊት የተላከ ኢሜይል ከኋላው ከሚላከው ይሻላል።

ባለ መነጽር፦
ሁለት ቀን ሆነ። ገባ ወይስ አልገባም?

ፈጣን፦
ኮምፕረስ ብታደርገው ኖሮ።