ክርክር፦ ለተማሪ ቢራ የሚሸጥ ከእድር ይሰረዝ?

አወያይ፦ ሰሞኑን የሰፈራችን እድር ውስጥ አንድ ሐሳብ ተነስቷል። ለልጅ መጠጥ የሸጠ አባል በመጀመሪያ ይቀጣ፣ ከደገመ ይሰረዝ የሚል ነው። መነሻው ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለ ግሮሰሪ ነው። ዩኒፎርም ለለበሱ ልጆች ድራፍት ሲቀዳ ታይቷል። ሕጉ እንደሆነ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣውም እሱ ነው። ማስታወቂያው ወዲያው ጠፋ፣ ዕድሜ የሚጠይቅ ሻጭ ግን እስካሁን አላየሁም። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ። እናንተስ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔም እደግፋለሁ! ደንብ አስከባሪ እስኪመጣ ልጆቻችን አለቁ። ሰፈሩ ራሱ ካልጠበቀ ማን ይጠብቅ?

ጡረተኛው፦ ቀስ በሉ እንጂ። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። ሰውየውን ሰረዛችሁት እንበል፤ ነገ እናቱ ብትሞትበት ድንኳን ልትከለክሉት ነው? ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ሊቀመጥ? ክሰሱት፣ ንግድ ፈቃዱን አስነጥቁት። ሐዘኑን ግን አትንኩበት።

ባለ ግሮሰሪ (የተባለው ሌላ ነው፣ እኔ አይደለሁም)፦ ማታ 2 ሰዓት ላይ የ13 ዓመት ልጅ በፌስታል አራት ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። «አባዬ ነው የላከኝ፣ ቀዝቃዛ ስጠው ብሎሃል» ይላል። አልሸጥም ስለው አባትየው ራሱ መጥቶ «ልጄን መለስክብኝ?» ብሎ ይጮህብኛል። ታዲያ ማን ነው የሚቀጣው? እኔ ወይስ ላኪው?

መምህሩ፦ ይሄ ነው ዋናው ነገር። ልጁ መንገዱን የሚለምደው በመላክ ነው። ሻጩም ልጅ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ማየት ይለምዳል፤ በኋላ ለራሱ ሲገዛ ማን ይለየዋል? የ12ኛ ክፍል ልጆች በከለር ዴይ ከቦርሳቸው ያወጡት አረቄ ደግሞ ከግሮሰሪ አልነበረም። በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የመጣ የቤት አረቄ ነው። ባለ ግሮሰሪውን ብቻ ማባረር ለዚህ ምን ይፈይዳል?

የሁለት ልጆች እናት፦ እንግዲህ ጠላም ልናቆም ነው? እኛ በበዓል ፉት እያልን ነው ያደግነው፣ አልሰከርንም።

መምህሩ፦ ያልሰከርነው ነና የምናወራው፤ የሰከሩት እዚህ የሉም። ደግሞ ለልጅ ብርዝ አለ፣ ቅሪቦ አለ። ሁለቱም የበዓል ናቸው።

ከሜሪላንድ፦ እዚህም ዕድሜው 21 ነው። ወላጅ በገዛ ቤቱ ለራሱ ልጅ ቢሰጥ ሕጉ አይነካውም። ለሌላ ሰው ልጅ ከሰጠ ወይም ቤቱ ውስጥ እያየ ካስጠጣ ግን ይቀጣል። ስለዚህ የልደት ድግስ ላይ የሐበሻ ወላጆች ቀድመን እንደዋወላለን። «መጠጥ አለ? ትልቅ ሰው አለ?» ይባላል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍር ነበር፣ አሁን ለምደነዋል። ሌላውን ከመቅጣት በፊት እናንተም ይቺን ሞክሯት።

ተማሪ፦ የእኔን ጓደኞች አባቶቻቸው ቢራ ይልኳቸዋል፣ ከዚያ ለምን ጠጣችሁ ብለው ይገርፏቸዋል። ሃሃ።

ጡረተኛው፦ ይሄ ልጅ ጨረሰው።

አወያይ፦ እሺ፣ መሰረዙ ይቅር። ቅጣቱ ግን ለሻጭም ለላኪም ይሁን።

ባለ ግሮሰሪ፦ እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለተላከ ልጅ አልሸጥም። ደንበኛ ሲቀየመኝ ግን ብቻዬን አትተዉኝ። እሁድ ስብሰባው ላይም አንዳችሁ አንሱት፤ እኔ አልችልም። ከሚልኩት አንዱ ሰብሳቢያችን ነው።