የሙቀት ካሜራው ሁሉንም 24 ይላል፤ በጌ ታማለች፣ ቶሎ!

ጠያቂ፦ ወገኖች ድረሱልኝ። አንዷ በጌ ከጠዋት ጀምሮ መኖ አልነካችም። ጆሮዋን ጥላ ጥግ ይዛለች። ሳልነካት እንድለካት ብዬ የገዛሁት የሙቀት ካሜራ 24 ዲግሪ ይላል። ጤነኞቹም 24። የበረቱ ግድግዳም 24! ተበላሽቶ ነው ወይስ እየቀዘቀዘች ነው? ምን ልስጣት?

እረኛው፦ 24 ከሆነችማ ሞታ ነው የቆመችው።

መምህሩ፦ ከመሠረቱ እንነሳ። የጤነኛ በግ የውስጥ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 አካባቢ ነው። ካሜራው ግን የሚያየው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ሱፉ ሙቀቷን ይዞ ያስቀራል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ስለዚህ ዓይኗን፣ ያውም በአፍንጫዋ በኩል ያለውን ጥግ ለካ። ፀሐይ ላይ የቆመች ወይም አሁን የሮጠች በግ አትለካም። ነፋስም ያሳስታል፣ እርጥበትም፣ ርቀትም...

ጠያቂ፦ ዓይኗን ነው የለካሁት። 24!

ባለ ሁለት በግ፦ ዓይኗን ለካ፣ የአፍንጫውን በኩል።

ጠያቂ፦ ኧረ አንብብ እንጂ!

የድሮ ሰው፦ ቴርሞሜትር እያለ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከጅራቷ ሥር አስገብተህ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ጠያቂ፦ አባርሬ ስይዛት ሙቀቷ ይጨምራላ! ደግሞም ትደነግጣለች።

ዝምተኛዋ፦ ስትባረር ሙቀቷ መጨመሩስ እውነት ነው። ግን ካሜራም ባይኖር ዓይን አለህ። በርቀት ሆነህ ጎኗ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ለ30 ሰከንድ ቁጠር፣ ከጓደኞቿ ጋር አስተያይ። ፊቷንም እይ። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 የበግን ሕመም ከፊቷ የሚያነቡበት መለኪያ አውጥተዋል፦ የጠበበ ዓይን፣ የወደቀ ጆሮ፣ ቅርጹ የተለወጠ የአፍንጫ ቀዳዳ። የአንተዋ ጆሮዋን ጥላለች ብለሃል።

እንቅልፍ አጥ፦ እኔ አንዴ ሌሊት በመስኮት በኩል ሳነሳ አንድ ቀይ ሞላላ ነገር አየሁ። ትኩሳት ነው ብዬ ሐኪም ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ። ለካ መስታወቱ ላይ የታየው የራሴ ፊት ነው! ሐኪሙ እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

ጠያቂ፦ ቆይ፣ እኔም በመስኮት በኩል ነው የማነሳው። ችግር አለው?

እረኛው፦ ይሄን ነበር መጀመሪያ መንገር!

እንቅልፍ አጥ፦ ካሜራው መስታወት አልፎ አያይም። 24 የመስታወቱ ሙቀት ነው። ክፈተው።

ጠያቂ፦ ከፈትኩ። የጤነኞቹ ዓይን 36 እና 37 ይላል። የእሷ 39!

ዝምተኛዋ፦ ቁጥሩን ለብቻው አትመን፣ ልዩነቱን እይ። ከጓደኞቿ ቢያንስ በ2 ዲግሪ በልጣለች። አሁን ቀስ ብለህ ያዛትና በቴርሞሜትር አረጋግጥ። ከ40 ካለፈ ሐኪም ጥራ። በግምት መድኃኒት እንዳትሰጣት። ጡቷንና ሰኮናዋንም ዳብስ።

የድሮ ሰው፦ ቴርሞሜትር ብዬ ነበር።

መምህሩ፦ እኔም ርቀት ስል መስታወትን ጭምር ነበር።

እረኛው፦ ሁለት ቀን ሆነ። ጠያቂ፣ በጓስ?